ሞድባስ ሴንሰር አልመልስ ሲል፦ አርኤስ-485ን ከሽቦው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማስነሳት

ሞድባስ መሣሪያዎች እየተጠያየቁ ዳታ የሚለዋወጡበት ቋንቋ ነው፤ አርኤስ-485 ደግሞ ያ ቋንቋ የሚጓዝበት የሽቦ ግንኙነት ነው። ሴንሰሩ መብራቱ በርቷል፣ ኮዱ ያለ ስህተት ተጭኗል፣ ስክሪኑ ላይ ግን «ታይምአውት» (መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለፈ) ብቻ ይደጋገማል። ይሄ የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ) መቀየር ነው። ከዚያ ሌላ ላይብረሪ ይሞክራል። ከዚያ ሽቦውን ያገላብጣል፣ ባውድ ሬቱንም (የዳታውን ፍጥነት) አብሮ ይቀይራል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሞድባስ ላይ ሁለት ነገር ባንዴ ከተሳሳተ አንዱን ብታስተካክሉም ምንም ለውጥ አታዩም። ለውጥ ስላላያችሁ ትክክለኛውን ማስተካከያ መልሳችሁ ታፈርሱታላችሁ። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ኮድ የምንነካው ሽቦውና ሴንሰሩ ጤነኛ መሆናቸውን ካረጋገጥን በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። አንዱ ደረጃ ሳይሰራ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

## ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዩኤስቢ ወደ አርኤስ-485 አዳፕተር። ይሄን «ባይኖርም ይሆናል» አትበሉ። ያለሱ ሴንሰሩ ይሁን ቦርዱ ጥፋተኛው መለየት አትችሉም።
- ቴስተር፣ ቮልትና ኦም የሚለካ።
- ሁለት 120 ኦም ሬዚስተር፣ ሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር።
- የሴንሰሩ ማኑዋል። የሳጥኑ ላይ ጽሑፍ አይበቃም።
- ለቦርዳችሁ ቮልት የሚስማማ የአርኤስ-485 ሞጁል።

የመጨረሻዋ ላይ ትንሽ እንቆይ። ማክስ485 የሚባለው ቺፕ የ5 ቮልት ቺፕ ነው። ኢኤስፒ32 እና አብዛኛው ኤስቲኤም32 ቦርድ ግን በ3.3 ቮልት ነው የሚሰራው። ማክስ485ን በ5 ቮልት አብርታችሁ የመቀበያ ፒኑን በቀጥታ ኢኤስፒ32 ላይ ከሰካችሁ ፒኑ ከሚችለው በላይ ቮልት ይገባዋል። ያው ቺፕ በ3.3 ቮልት ቢበራም አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ አይሰራም፤ እንዲህ ያለ «አንዳንዴ» ደግሞ ከማይሰራ ነገር የባሰ ነው። ለ3.3 ቮልት ቦርድ ማክስ3485 ያለበትን ሞጁል ተጠቀሙ፣ ነገሩ ያበቃል።

ከማኑዋሉ ላይ አምስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የሴንሰሩ አድራሻ፣ ባውድ ሬት፣ ፓሪቲና ስቶፕ ቢት (ከእያንዳንዱ ባይት ጋር የሚላኩ የማረጋገጫና የማብቂያ ቢቶች)፣ የፈንክሽን ቁጥር (የጥያቄው ዓይነት፣ 03 ወይስ 04)፣ እና የምትፈልጉት ሬጅስተር (ሴንሰሩ ዋጋ የሚያስቀምጥበት ባለ ቁጥር ቦታ) ከነዓይነቱ። አንዱ ከጠፋችሁ ፈልጋችሁ አግኙት እንጂ በግምት አትሙሉት።

## ደረጃ 1፦ ጠረጴዛ ላይ ሽቦ ማገናኘት

መጀመሪያ ቦርዱን ወደ ጎን አስቀምጡት። አሁን ያለው አዳፕተሩና አንድ ሴንሰር ብቻ ነው። ሽቦው ከአንድ ሜትር አይብለጥ።

1. ሁሉንም ነገር አጥፉ።
2. የአዳፕተሩን ኤ ከሴንሰሩ ኤ፣ ቢውን ከቢ ጋር አገናኙ። እዚህ መስመር ላይ ማገላበጥ የለም፣ ኤ ከኤ ነው።
3. ግራውንዱንም አገናኙ። «አርኤስ-485 ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚለውን አባባል አትመኑ። ምልክቱ የሚነበበው በኤ እና በቢ ልዩነት ቢሆንም፣ ሁለቱ ሽቦዎች ከተቀባዩ ግራውንድ አንጻር ከ-7 እስከ +12 ቮልት ውስጥ መሆን አለባቸው። ሴንሰሩ በራሱ ፓወር ሰፕላይ፣ ኮምፒውተራችሁ በሌላ ከሆነ ያለ ሦስተኛ ሽቦ ይሄን የሚያስጠብቅላችሁ ነገር የለም።
4. የሴንሰሩን ፓወር አሁን አብሩ። ብዙ የኢንዱስትሪ ሴንሰሮች ከ5 ቮልት በላይ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ መብራቱ በራ ማለት በቂ ቮልት አገኘ ማለት አይደለም። ተርሚናሉ ላይ ለኩ።

### የኤ እና የቢ ጣጣ

የቺፕ አምራቾች ኤ የሚሉት አዎንታዊውን፣ ቢ የሚሉት አሉታዊውን ነው። ስታንዳርዱ ግን ስሞቹን በተቃራኒው ነው የሚሰጠው። በዚህ የተነሳ አንዱ ፋብሪካ ኤ ያለውን ሌላው ቢ ይለዋል። ስለዚህ ጽሑፉን እንደ ፍንጭ ያዙት፣ እንደ ማስረጃ ግን አትቁጠሩት። ተርሚናሉ ላይ + እና − ካለ እሱን እመኑ። በዚህ መመሪያ ኤ ስል አዎንታዊውን ነው።

ደስ የሚለው፣ ኤ እና ቢን ማገላበጥ ምንም አያቃጥልም። የፓወር ሽቦን ከኤ ወይም ከቢ ጋር ማሳሳት ግን ቺፑን ይገድለዋል። 12 ወይም 24 ቮልት የያዘው ሽቦ ከዳታ ሽቦዎቹ በቀለም ይለይ፣ ከማብራታችሁ በፊትም ሁለቴ እዩት።

## ደረጃ 2፦ ሴንሰሩን ከኮምፒውተር ማናገር

ኪውሞድማስተር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል። ሌላም ካላችሁ ችግር የለም፣ ዋናው የወጡና የገቡ ባይቶችን ማሳየቱ ነው።

1. አዳፕተሩ የያዘውን ፖርት ምረጡ።
2. ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁትን ባውድ ሬት፣ ፓሪቲና ስቶፕ ቢት አስገቡ።
3. አድራሻውንና ፈንክሽኑን አስገቡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሬጅስተር ብቻ ጠይቁ።
4. ታይምአውቱን 1 ሰከንድ አድርጉት። አሁን ፍጥነት አያስፈልገንም።
5. ላኩ።

ምሳሌ እንውሰድ። ሴንሰሩ አድራሻው 2 ነው፣ ከመጀመሪያው ሬጅስተር አንድ ዋጋ እንፈልጋለን። በሽቦው ላይ የሚሄደው ይሄ ነው፣ ሁሉም በሄክስ (በ16 መሠረት አጻጻፍ)፦

02 03 00 00 00 01 84 39

02 አድራሻው ነው። 03 «ሆልዲንግ ሬጅስተር አንብብ» ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 00 00 የመጀመሪያው ሬጅስተር፣ 00 01 ደግሞ ስንት ሬጅስተር እንደምንፈልግ ይናገራል። 84 39 ሲአርሲ ነው፣ መልዕክቱ በመንገድ አለመበላሸቱ የሚረጋገጥበት የስሌት ውጤት። የሲአርሲው ውጤት 3984 ነው፣ ሲላክ ግን ታችኛው ባይት ይቀድማል። የራሳችሁን ሲአርሲ የምትጽፉ ከሆነ በዚህ ምሳሌ ፈትሹት፤ 39 84 ካወጣላችሁ ያገላበጣችሁት ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው።

ጤነኛ መልስ ይሄን ይመስላል፦ 02 03 02 01 07 እና ሁለት የሲአርሲ ባይት። ሦስተኛው ባይት «2 ባይት ዳታ ይከተላል» ይላል። 01 07 በተራ ቁጥር 263 ነው። ማኑዋሉ «በ10 አካፍሉ» ካለ 26.3 ዲግሪ ማለት ነው።

### ምንም መልስ ካልመጣ

በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ፦

1. ኤ እና ቢን አገላብጡ። ካልሰራ ወደነበረበት መልሱ።
2. ባውድ ሬቱን ቀይሩ፦ 9600፣ 19200፣ 4800፣ 38400፣ 115200። በእያንዳንዱ ላይ ሽቦውን በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሩ። አሰልቺ ነው፣ ግን መቋጫ አለው።
3. ፓሪቲውን ቀይሩ። የሞድባስ ስፔሲፊኬሽን ነባሪ አድርጎ ያስቀመጠው ኢቭን ፓሪቲ ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ብዙ መሣሪያ ግን ያለ ፓሪቲ በአንድ ስቶፕ ቢት ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ሁለቱንም ሞክሩ።
4. አድራሻውን ከ1 እስከ 247 በተራ ጠይቁ። ዜሮ ላይ አትሞክሩ፣ እሱ ለሁሉም የሚላክ ስለሆነ ማንም አይመልስም።

### «ኤረር 02» ካያችሁ

ደስ ይበላችሁ፣ ሽቦው ሰርቷል። ሴንሰሩ ጥያቄውን ሰምቶ «ይሄ ሬጅስተር የለኝም» እያላችሁ ነው። መልሱ በ02 83 02 ይጀምራል፤ 83 ማለት 03 ከስህተት ምልክት ጋር ነው። የኤረር ቁጥሩ 01 ከሆነ ፈንክሽኑ አይታወቅም፣ ስለዚህ በ03 ፋንታ 04 ሞክሩ። 03 ከሆነ ደግሞ የጠየቃችሁት ብዛት አልተስማማውም፤ በአንድ ጥያቄ ከ125 ሬጅስተር በላይ ማንበብ አይቻልም፣ አንዳንድ መሣሪያም ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚፈቅደው።

02 የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሬጅስተር ቁጥር አቆጣጠር ነው። ማኑዋሉ 40001 ካለ በሽቦው ላይ የሚላከው 0 ነው። 40010 ካለ 9 ነው። 30001 ካለ ደግሞ ፈንክሽኑ 04፣ ቁጥሩ 0 ነው። አንዳንድ ላይብረሪ ይሄን ቅነሳ ራሱ ይሰራል፣ አንዳንዱ ለእናንተ ይተወዋል። ግራ ከገባችሁ ያው ቁጥር አንድ ጨምራችሁና አንድ ቀንሳችሁ ሞክሩ።

ሴንሰሩ ከኮምፒውተሩ ጋር ያለማቋረጥ ሲነጋገር የሰራውን ቅንብር በሙሉ ጻፉት። ከአሁን በኋላ ሴንሰሩ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ወጥቷል።

## ደረጃ 3፦ ቦርዱን ብቻውን መፈተሽ

አሁን ሴንሰሩን ንቀሉ። በእሱ ቦታ ቦርዱና የአርኤስ-485 ሞጁሉ ይግቡ፣ አዳፕተሩ ግን ይቆይ፤ ኮምፒውተሩ አሁን የሚሰራው ማዳመጥ ብቻ ነው።

የሞጁሉ ግንኙነት፦

- የቦርዱ ቲኤክስ (መላኪያ) ወደ ዲአይ፣ አርኤክስ (መቀበያ) ወደ አርኦ። ዲአይ የሞጁሉ መግቢያ፣ አርኦ መውጫው ነው።
- ዲኢ እና አርኢ ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ወደ አንድ የቦርድ ፒን። ፒኑ ከፍ ሲል መላክ፣ ዝቅ ሲል መቀበል።
- ከዚያ ፒን ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። ቦርዱ ሲነሳ ፒኑ ገና ስላልተዘጋጀ ሞጁሉ ሳይታሰብ ወደ መላክ ሊገባና መስመሩን ለሁሉም ሊዘጋ ይችላል፤ ሬዚስተሩ ይሄን ይከለክላል።
- ከአርኦ ወደ 3.3 ቮልት (የ5 ቮልት ቦርድ ከሆነ ወደ 5) ሌላ 10 ኪሎ ኦም። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።

የመልዕክት ማሳያና ሞድባስ አንድ ሲሪያል ፖርት ላይ አታድርጉ። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ፒን 0 እና 1 ከዩኤስቢው ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ሞድባስ አስኬዳችሁ በዚያው «ሰላም፣ ጀምሬያለሁ» ብላችሁ ብታትሙ ጽሑፉ ሴንሰሩ ጋ ይደርሳል።

ቦርዱ ያቺኑ ስምንት ባይት በየሰከንዱ እንዲልክ አድርጉ። ኮምፒውተሩ ላይ ባይቶችን በሄክስ የሚያሳይ ሲሪያል ተርሚናል ክፈቱ። የምታዩት ነገር ጥፋቱን ይነግራችኋል፦

ስምንቱም በትክክል ከመጡ ወደ ደረጃ 4 ሂዱ።

ምንም ካልመጣ የዲኢ ፒኑን በቴስተር ለኩ። ለሙከራ ፒኑን ሁሌ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። አሁን ከመጣ ችግሩ የፒኑ ቁጥጥር ነው፤ ካልመጣ ቲኤክስና አርኤክስን አገላብጣችሁ እንደሆነ እዩ።

የተዘበራረቀ ባይት ከመጣ ባውድ ሬቱ ወይም ኤ እና ቢ ነው።

መጨረሻዋ 39 ከጠፋች ወይም ተበላሽታ ከመጣች ዲኢን ቶሎ አውርዳችኋል። ይሄ ከሁሉ በላይ ሰው የሚያደናቅፍ ነጥብ ስለሆነ ለብቻው እንየው።

### ዲኢን መቼ ማውረድ

ኮዳችሁ «ጻፍ» ብሎ ሲመለስ ባይቶቹ ገና አልወጡም። በፈር ውስጥ ገብተው ተራ እየጠበቁ ነው። በ9600 ያለ ፓሪቲ አንድ ባይት ወደ 1.04 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ስምንቱ ደግሞ 8.3 ሚሊሰከንድ ያህል። ወዲያው ዲኢን ካወረዳችሁ ጥያቄው መሃል ላይ ይቆረጣል።

አርዱዊኖ ላይ ከጻፋችሁ በኋላ የሲሪያሉን ፍለሽ ጥሩ፣ ከዚያ ዲኢን አውርዱ። ኤስቲኤም32 ላይ የምትጠብቁት ቲኤክስኢ የሚለውን ፍላግ ሳይሆን ቲሲ የሚለውን ነው፤ ቲኤክስኢ በፈሩ ባዶ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው፣ የመጨረሻው ባይት ግን በዚያች ሰዓት ገና በሽቦው ላይ እየወጣ ነው። ኢኤስፒ32 ላይ ዩአርቱ (የሲሪያል ክፍሉ) ራሱ የአርኤስ-485 ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ የመላክና የመቀበል) ሞድ አለው፤ የአርቲኤስ ፒኑን ከዲኢና አርኢ ጋር ካገናኛችሁ ሃርድዌሩ ሁሉንም ይሰራላችኋል። ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ «ለማንኛውም» ብሎ ከፍለሽ በኋላ የ10 ሚሊሰከንድ ዲሌይ ይጨምራል። አትጨምሩ። ሴንሰሩ መልስ ከመስጠቱ በፊት መጠበቅ ያለበት የ3.5 ካራክተር ዝምታ በ9600 ወደ 4 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ፈጣን ሴንሰር በ5ኛው ሚሊሰከንድ መናገር ሲጀምር የእናንተ ሞጁል ገና መስመሩን ይዞታል፣ የመልሱ መጀመሪያም ይበላል።

## ደረጃ 4፦ ቦርድና ሴንሰር

ሴንሰሩን መልሳችሁ ስኩ፣ አዳፕተሩን ግን አትንቀሉ። ሦስቱም አንድ መስመር ላይ ይሁኑ፣ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ያዳምጥ። ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ የለም፦ ጥያቄውንም መልሱንም በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፕሮግራሙ ግን በራሱ ጥያቄ እንዳይልክ አረጋግጡ፣ አንድ መስመር ላይ ሁለት ማስተር (ጠያቂ) አይሆንም።

1. ላይብረሪውን ደረጃ 2 ላይ በሰራው ቅንብር አዘጋጁ።
2. በሰከንድ አንዴ ብቻ ጠይቁ።
3. ኮምፒውተሩ ላይ ጥያቄና መልስ ሲፈራረቁ እዩ።

ኮምፒውተሩ መልሱን አይቶ ቦርዱ ካላየው ጥፋቱ መቀበያው ላይ ነው፤ አርኦን፣ አርኢን፣ የአርኤክስ ፒን ቁጥሩን ፈትሹ። ኮምፒውተሩም ካላየ ጥያቄው ከደረጃ 2ቱ ጋር ባይት በባይት አንድ መሆኑን አወዳድሩ።

ሌላው የተለመደ ነገር፣ ከመልሱ ፊት ትርፍ 00 ይመጣና ላይብረሪው «የሲአርሲ ስህተት» ይላል። ሴንሰሩ አይደለም የላካት። ሞጁሉ በሚልክበት ጊዜ አርኢ ከፍ ስለሚል አርኦ ይንሳፈፋል፣ ቦርዱም ያንን እንደ ስታርት ቢት ያነበዋል። ደረጃ 3 ላይ ያስገባናት 10 ኪሎ ኦም ለዚህ ነው። እያለችም 00 ከመጣ፣ መስመሩ ማንም በማይናገርበት ሰዓት የሚይዘው ቮልት ስለሌለ ነው፤ ደረጃ 6 ላይ እንመለስበታለን።

## ደረጃ 5፦ ቁጥሩ ትክክል ካልሆነ

65526 ዲግሪ ካያችሁ ሴንሰሩ -1.0 እያላችሁ ነው። ዋጋውን ምልክት ባለው 16 ቢት ኢንቲጀር አንብቡት፣ -10 ይሆናል፣ ከዚያ በ10 አካፍሉ።

ዋጋው ፍሎት (ሁለት ሬጅስተር የሚይዝ ነጥብ ያለው ቁጥር) ሆኖ 0.00 ብቻ ካሳየ የሁለቱን ሬጅስተሮች ተራ ቀያይሩ። 230.0 ቮልት በፍሎት 43 66 00 00 ነው። አንዳንድ ቆጣሪ 00 00 43 66 አድርጎ ይልከዋል። በቀጥታ ካነበባችሁት ከዜሮ የማይለይ እጅግ ትንሽ ቁጥር ይወጣል። ሞድባስ የአንድ ሬጅስተር ሁለት ባይቶች ላይ ሕግ አለው፣ የሁለት ሬጅስተሮች ተራ ላይ ግን የለውም፤ እያንዳንዱ አምራች የፈለገውን ያደርጋል።

ፍሎቱን በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አታንብቡ። በመሃል ዋጋው ከተቀየረ የአሮጌውን ግማሽ ከአዲሱ ግማሽ ጋር ትሰፋላችሁ። ሁለቱን ሬጅስተር ባንድ ጥያቄ ጠይቁ።

## ደረጃ 6፦ ረጅም ሽቦና ብዙ ሴንሰር

ጠረጴዛ ላይ ሰርቶ ቦታው ላይ የሚከሽፍ ፕሮጀክት ሁሉ የሚከሽፈው እዚህ ነው።

1. አድራሻ አስቀድሙ። ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙዎቹ አድራሻቸው 1 ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ከሰካችሁ ሁለቱም ባንዴ ይመልሳሉ፣ የሚደርሳችሁም ፍርስራሽ ነው። አንድ በአንድ ለብቻ እየሰካችሁ ቀይሩ፣ አጥፍታችሁ አብሩ፣ አዲሱን አድራሻ አረጋግጡ፣ ቁጥሩን ሳጥኑ ላይ ለጥፉ።
2. የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ተጠቀሙ። የኔትወርክ ኬብል ይሆናል። ኤ እና ቢ ከአንድ ጥንድ ይሁኑ (ለምሳሌ ሰማያዊና ሰማያዊ ነጭ)፣ ግራውንዱ ከሌላ ጥንድ። ኤን ከአንዱ ጥንድ፣ ቢን ከሌላው ከወሰዳችሁ መጠማዘዙ ምንም አይጠቅማችሁም።
3. ሽቦው ከሴንሰር ወደ ሴንሰር ይቀጥል። ከአንድ ሳጥን ወደ ሁሉም አቅጣጫ አትበትኑት። ቅርንጫፍ ካስፈለገ በጣም አጭር ይሁን።
4. 120 ኦም ሬዚስተር በኤ እና በቢ መካከል፣ በመስመሩ ሁለት ጫፍ ብቻ። ፓወር አጥፉና በኤ እና በቢ መካከል ለኩ፤ ወደ 60 ኦም መምጣት አለበት። 40 ካነበባችሁ ሦስተኛ ሬዚስተር የሆነ ቦታ ተደብቋል። ብዙዎቹ ርካሽ ሞጁሎች 120 ኦሙን በላያቸው ይዘው ስለሚመጡ መጀመሪያ እነሱን እዩ፣ መሃል ላይ ያለውን ሞጁል ሬዚስተር ንቀሉ።
5. ዝም ሲል ያለውን ቮልት ለኩ። ፓወር አብርታችሁ፣ ጥያቄውን አቁማችሁ፣ ከኤ ወደ ቢ ለኩ። ኤ ቢያንስ በ0.2 ቮልት መብለጥ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ኤን በ560 ኦም ወደ 5 ቮልት፣ ቢን በ560 ኦም ወደ ግራውንድ ሳቡ። ሁለት 120 ካሉበት መስመር ጋር ይሄ 0.25 ቮልት አካባቢ ይሰጣችኋል። የደረጃ 4ቷ ትርፍ 00ም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ትጠፋለች።

ሴንሰሮችን አንድ በአንድ ጨምሩ፣ በእያንዳንዱ ጭማሪ ላይ ሁሉንም ጠይቁ። ስድስተኛው ሲገባ ሁሉም ዝም ካሉ፣ ስድስተኛውን ንቀሉና በደረጃ 2 ለብቻው ፈትሹት።

ኮዱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስተካክሉ። ታይምአውታችሁ 1 ሰከንድ ከሆነና ሦስት ሴንሰር ከጠፋ፣ እያንዳንዱ ዙር ለከንቱ ሦስት ሰከንድ ይቆማል። ሁሉም ሲሰራ ታይምአውቱን ወደ 200 ሚሊሰከንድ አውርዱና የሚዘገይ ካለ እያያችሁ ጨምሩ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያልመለሰውን በየዙሩ ሳይሆን በደቂቃ አንዴ ጠይቁት፤ መመለስ ሲጀምር ወደ ሰልፉ ይግባ። የመጨረሻውን ዋጋ ዝም ብላችሁ አታሳዩ፣ መቼ እንደተነበበም አብሮ ይቀመጥ፤ የሞተ ሴንሰር የትናንቱን 26.3 ዲግሪ ዛሬም እያሳየ ሰው ሊያሳስት ይችላል።

የሲአርሲ ስህተቱ የሚመጣው አጠገቡ ያለ ሞተር ሲነሳ ብቻ ከሆነ ኮዱን አትንኩ። የዳታ ሽቦውን ከሞተሩ የፓወር ሽቦ አርቁት፣ መሻገር ካለበት በመስቀለኛ ይሻገር እንጂ ጎን ለጎን አይሂድ፣ ሺልድ ካለው ሺልዱን በአንድ ጫፍ ብቻ መሬት አስይዙ። ያም ካልበቃ ባውድ ሬት ከመጨመር ይልቅ ቀንሱና፣ አይሶሌሽን (የኤሌክትሪክ መለያያ) ያለው የአርኤስ-485 ሞጁል አስገቡ።